ከቆጣሪ እስከ ኤሌክትሮድ፦ የቤት ብየዳ ማሽን አልሠራ ሲል

ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ፣ የብየዳ ማሽን የሚሸከም መስመር አላችሁ ማለት ነው። ከሌለ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን አስዘርጉ። ነገር ለማካበድ አይደለም። እዚህ ጎንደር የብየዳ ማሽን እጠግናለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የቤት መስመር እዘረጋ ነበር። ሁለቱንም ስለሠራሁ አንድ ነገር አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። «ተቃጠለ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ማሽን ብዙው አልተቃጠለም። ወይ መብራቱ ማሽኑ ጋ በወጉ አልደረሰም፣ ወይ ከማሽኑ ወጥቶ ብረቱ ጋ አልደረሰም።

ስለዚህ ካቻቪቴ አንስታችሁ ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት መንገዱን ተከተሉ። ከቆጣሪው ተነሥታችሁ እስከ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ድረስ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ መልቲሜትር ነው፣ ርካሹም ይበቃል። የቴስተር ካቻቪቴ ግን አይበቃም። እሱ ፌዝ (መብራት የሚያመጣው ሽቦ) መኖሩን እንጂ ስንት ቮልት እንደሆነ አይነግራችሁም። 220 ላይም ይበራል፣ 150 ላይም ይበራል።

ማሽኑ ስንት ይጎትታል

ሒሳቡን አንዴ እንሥራው፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ነው የሚመጣው። ባለ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ በ80 አምፔር ስትበይዱ እሳቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ 23 አካባቢ ነው። ሲባዛ ወደ 1,850 ዋት ይመጣል። ማሽኑ ራሱ በሙቀት የሚያጠፋው አለ። በዚያ ላይ ርካሽ ኢንቨርተር (በቦርድ የሚሠራው ቀለል ያለው የብየዳ ማሽን) ከመስመሩ ከረንት የሚስበው ረጋ ብሎ ሳይሆን እየነጠቀ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከሶኬቱ የሚወጣው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ በ120 አምፔር ከሆነ ደግሞ 25 አካባቢ ይደርሳል።

አሁን ምጣዱን እዩ። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት የሚጎትተው 16 አምፔር ነው። በሌላ አነጋገር ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ማንደድና እንጀራ መጋገር ለመስመሩ ያው ናቸው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ግን አይሆኑም። እኛ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብየዳ የለም፤ ይህ ሕግ የወጣው በእኔ አይደለም።

ብዙ ቤት ውስጥ ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለምጣድ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ይዘረጋል። ለበርና ለመስኮት ሥራ፣ ማለትም በ2.5 ኤሌክትሮድ ለሚያልቅ ነገር፣ በ25 አምፔር ብሬከር የሚጠበቅ ባለ 4 የመዳብ ሽቦ ይበቃችኋል። 3.2 ለመጠቀም ካሰባችሁ ባለ 6 ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር ይሁን። ብሬከሩ ላይ ከአምፔሩ ቁጥር በፊት አንድ የፈረንጅ ፊደል አለ፤ «ሲ» የሚባለውን ውሰዱ። «ቢ» የሚባለው ማሽኑን ገና ስታበሩት ሊወርድባችሁ ይችላል። ምክንያቱም ኢንቨርተር ሲበራ ውስጡ ያሉት ባዶ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ለቅጽበት ብዙ ከረንት ይጠጣሉ።

ብሬከር እየወረደ ሲያስቸግር ትልቅ ገዝቶ መቀየር የተለመደ መድኃኒት ሆኗል። ይህን ያደረገ ቤቱን ለእሳት እያመቻቸ ነው። ብሬከሩ የተቀመጠው ለማሽኑ ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ላለው ሽቦ ነው። ባለ 2.5 ሽቦ ላይ 40 አምፔር ብሬከር ከሰካችሁ፣ መጀመሪያ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል።

ማሽኑ ሳጥን ላይ በደማቅ የተጻፈውን 300 ወይም 400 አትመኑት። ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሠሌዳ አንብቡ። ከመስመር የሚስበው ከረንትና በመቶኛ የተጻፈ የሥራ ጊዜ እዚያ አለ። 60 በመቶ የሚል ከሆነ፣ በዚያ አምፔር ከ10 ደቂቃ 6 ደቂቃ በይዶ 4 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። ሠሌዳ የሌለው ማሽን ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልገዛውም።

ስፒናውን ማሰር

አንዳንዱ ማሽን ስፒና ሳይኖረው ይመጣል፣ ጫፉ የተላጠ ሦስት ሽቦ ብቻ ነው። ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል (መመለሻው)፣ አረንጓዴና ቢጫ ዝንጉርጉሩ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው)። ስፒናው ውስጥ ኧርዙን ከሁለቱ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ። ገመዱ ድንገት ቢጎተት መጨረሻ ላይ የሚላቀቀው እሱ መሆን አለበት። ጫፎቹን ጠምዝዙና ከብሎኑ ሥር ሙሉ በሙሉ አስገቡ። አንዲት ቀጭን ክር እንኳ ወደ ውጭ እንዳትቀር። ከዚያ ገመዱን ራሱን የሚይዘውን ማነቂያ አጥብቁ። አሁን እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከተነቃነቀ እንደገና እሰሩ።

የግድግዳው ሽቦ ግን በቀለም አይታመንም። በአሮጌ ቤት ቀዩም ጥቁሩም አረንጓዴውም ፌዝ ሆኖ አግኝቻለሁ። ለክታችሁ እመኑ። ስፒናውም የተራ ሬዲዮ ስፒና አይሁን። 16 አምፔር የሚል የተጻፈበት፣ ሲነካ ከበድ የሚል ይሁን። ለ3.2 ሥራ ክቡ ሰማያዊ የኢንዱስትሪ ስፒናና ሶኬት ባለ 32 አምፔሩ ነው ትክክሉ። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን አንዴ ነው የሚገዛው።

አዲስ መስመር ከብሬከር ሳጥን ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለው ደግሞ የእናንተም የእኔም አይደለም። ከምሶሶው የሚመጣው ሽቦ ላይ ችግር ካያችሁ ለሚመለከተው አሳውቁ እንጂ እጃችሁን አትስደዱ። እሱን የሚያጠፋ ብሬከር ግቢያችሁ ውስጥ የለም።

ማስረዘሚያው

በጣም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በር የሚበየደው በር ላይ ነው፣ ሶኬቱ ያለው ማዕድ ቤት። መሀሉ 30 ሜትር ይሆናል። ያኔ ቴሌቪዥን የሚሰካበት ማስረዘሚያ ይመጣል።

30 ሜትር ማስረዘሚያ ሲባል ከረንቱ የሚጓዘው 60 ሜትር ነው፣ ሄዶ ይመለሳል። ባለ 0.75 ሽቦ ከሆነ 20 አምፔር ሲያልፍበት 28 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 1.5 ከሆነ 14 ቮልት። ባለ 2.5 ከሆነ 8 ቮልት ተኩል ገደማ፣ ባለ 4 ከሆነ 5 ቮልት ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ይህ መዳቡ እውነተኛ መዳብ ሲሆን ነው። ቤታችሁ 210 ቮልት ብቻ ቢደርስና ማስረዘሚያው 28 ቢበላ፣ ማሽኑ ጋ የሚደርሰው 182 ነው። ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ እናንተም ማሽኑን ትረግማላችሁ።

ገመዱ በጥቅሉ ከሆነ ሁሉንም ዘርጉት። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ከውስጥ በኩል እርስ በርሱ ይቀልጣል። ላዩ ደህና ስለሚመስል አታውቁም።

ከሁሉ የሚሻለው ሌላ መንገድ አለ። መብራት የሚያመጣውን ገመድ ከማስረዘም፣ ማሽኑን ሶኬቱ አጠገብ አስቀምጣችሁ የብየዳውን ወፍራም ገመድ አስረዝሙ። እሱም እንደ ልብ አይረዝምም። ግን ከ10 እስከ 15 ሜትር፣ ባለ 25 ወይም ባለ 35 መዳብ ከሆነ ይሄዳል።

ቮልቴጁን በሥራ ላይ ለኩ

ሶኬት ላይ መልቲሜትር ሰክቶ «218 አለ፣ ደህና ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሥራ ላይ ያልሆነ መስመር ሁሉ ደህና ነው። መለካት ያለበት ከረንት እየሄደበት ነው።

ለዚህ የቤቱ ምርጥ መሣሪያ አሁንም ምጣዱ ነው። ረጋ ብሎ 16 አምፔር ይጎትታል፣ እጅ አያስይዝም። ሶኬቱ መንታ ከሆነ በአንዱ ምጣዱን ሰኩ፣ በሌላው መልቲሜትሩን። ምጣዱ ሳይበራ አንብቡ፣ ከዚያ አብርታችሁ አንብቡ። ከ220 ላይ 10 በመቶ ሲቀነስ 198 ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ማሽናችሁን አትውቀሱ። ምጣዱ ሲበራና ሲጠፋ ያለው ልዩነት ከ10 ቮልት ብዙ ካለፈ ደግሞ የሆነ ቦታ የላላ ወይም የቀጠነ ነገር አለ።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ከማራኪ አንድ ወጣት ማሽን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ቦርዱ ሞቷል ብለውኛል» አለኝ። እኔ ጋ ሰካሁት፣ 2.5 ኤሌክትሮድ አስገብቼ ቱቦላሬ ላይ ሳብኩት። ለኮሰ። ደገምኩት፣ ለኮሰ። ልጁ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ተናደደ፤ ቤት ውስጥ ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ አስመርሮታል። አብረን ሄድን።

ምጣድ ሳይበራ ሶኬቱ ላይ 214 ነበር። ምጣዱ ሲበራ 189 ሆነ። ብሬከር ሳጥኑ መግቢያ ላይ ግን፣ ምጣዱ እንደበራ፣ 207 ነው። ስለዚህ 18 ቮልት የጠፋው ከሳጥኑ እስከ ሶኬቱ ባለው መሀል ነው። ሽቦው ባለ 4 ነው፣ ርቀቱም አጭር። በሽቦው ርዝመት 18 ቮልት አይጠፋም።

ዋናውን አጥፍተን፣ መጥፋቱን ለክተን፣ ሳጥኑን ከፈትን። ኒውትራሎቹ የሚሰበሰቡባት የናስ ዘንግ ላይ የምጣዱ ሰማያዊ ሽቦ ልባሱ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ጣት የሚያህለው ጫፍ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ሆኗል፣ ሲነካም ይፈረፈራል። መዳቡ ጠቁሯል። ብሎኑን በካቻቪቴ ስነካው ያለ ምንም ጉልበት ግማሽ ዙር ዞረ። ምጣዱ በበራ ቁጥር እዚያች ብሎን ላይ ወደ 250 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሲወጣ ኖሯል ማለት ነው።

እናትየው በር ላይ ቆመው ሲያዩን ነበር። «እኔማ ዘንድሮ ምጣዱ አልግል ብሎ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለኝ እያልኩ ነበር» አሉ። መልቲሜትር የማይነካ እጅ ከሁላችን ቀድሞ አውቆታል። በ189 ቮልት ያ ምጣድ ከ3,500 ዋቱ 2,600 ያህሉን ብቻ ነው የሚሠራው።

የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጠን ጣልን። የሚያበራ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ላጥን። ዘንጉ ላይ ሌላ ንጹሕ ቀዳዳ መርጠን አጠበቅን። ምጣዱ እንደበራ 206 ሆነ። ማሽኑም ለኮሰ።

የእናንተንም በዚሁ መንገድ ፈልጉ። ሶኬት፣ ብሬከር ሳጥን፣ የቆጣሪ መውጫ። ሁሉንም ጭነቱ እንዳለ ለኩ። ቮልቴጁ የሚዘልበት ቦታ ላይ ችግሩ ተቀምጧል። የመብራቱን ሳጥን ከፍቶ ሕይወት ያለው ሽቦ ላይ መለካት የለመደ እጅ ይጠይቃል፤ ካልለመዳችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩና ምን እንዲለካ ንገሩት። ቆጣሪው መውጫ ላይ ራሱ 180 ካነበባችሁ ግን ቤታችሁ ውስጥ የምትፈልጉት ነገር የለም። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ ይህ ያጋጥማል። ያኔ ጠዋት በይዱ። ለፍሪጅ የተገዛ ስታቢላይዘር ለብየዳ ማሽን አይመልስም፤ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው።

ማሽኑ ሲነዝር

«ሳጥኑን ስነካው ይነዝረኛል፣ ውስጡ ሾርት ሆኗል» የሚል ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሾርት አይደለም። ኢንቨርተሩ መግቢያው ላይ የማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉት። ከፌዝ ወደ ሳጥኑ አንድ፣ ከኒውትራል ወደ ሳጥኑ አንድ። ኧርዝ ከሌለ ሳጥኑ በሁለቱ መሀል ይንጠለጠላል፣ ማለትም 110 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይዝም። ግን ኧርዙ እንደሌለ በግልጽ እየነገራችሁ ነው። ነገ እውነተኛ ሾርት ሲመጣ የሚያድናችሁ ነገር የለም ማለት ነው።

ሶኬታችሁ የኧርዝ ጥርስ ስላለው ኧርዝ አለው ማለት አይደለም። ከጀርባው ሽቦ የሌለው ስንት አለ! ከፌዝ ወደ ኧርዝ ለኩ፣ ወደ 220 መሆን አለበት። ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ለኩ፣ ጥቂት ቮልት ቢሆን ነው። መሀል ላይ የሚዋልል ቁጥር ካገኛችሁ ኧርዙ የለም።

መፍትሔው መሬት ውስጥ የሚገባ የኧርዝ ዘንግ ነው፤ 1.5 ወይም 2 ሜትር፣ መዳብ የለበሰ። ጎንደር ድንጋይ ይበዛዋልና ቦታ ምረጡ። የቧንቧ ውኃ የሚፈስበት፣ አፈሩ የማይደርቅበት ጥግ ጥሩ ነው። ዘንጉ ብቻውን ግን ብሬከር ለመጣል አይበቃም፣ የአፈሩ ተቃውሞ ከፍ ይላል። ስለዚህ 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጠውን አርሲዲ የሚባለውን ብሬከር አብራችሁ አስገጥሙ። ሳጥኑን ከኒውትራል ጋር አያይዛችሁ «ኧርዝ ሠራሁ» እንዳትሉ። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ በተበጠሰ ቀን ማሽኑ ሙሉ 220 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ብረቱ ላይ የምትነክሱት መቆንጠጫም ይህን ሥራ አይሠራም፤ እሱ የብየዳው ከረንት መመለሻ ነው።

ከማሽኑ ወደ ብረቱ

ማሽኑ በርቷል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ግን አይለኩስም። መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ በሁለቱ መውጫዎች መሀል ለኩ። ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ቮልት ይሆናል። ለደኅንነት ሲባል ሥራ ፈት ሲሆን ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ ማሽን ከሆነ 20ም ከዚያ በታችም ልታነቡ ትችላላችሁ፤ አትደንግጡ። ዜሮ ከሆነ ችግሩ ውስጥ ነው። መውጫው ላይ 70 ካለ፣ አሁን በኤሌክትሮድ መያዣውና በመቆንጠጫው መሀል ለኩ። እዚያ ከሌለ ገመዱ ነው።

ገመዱ ማሽኑ ላይ የሚሰካበት ጆሮ ተገፍቶ ገብቶ ወደ ቀኝ ዞሮ ነው የሚቆለፈው። ብዙ ሰው ይገፋና ይተወዋል። የላላው ያግላል፣ ያገለው መውጫውን ያቀልጠዋል። ትንሽ በይዳችሁ አጥፉና እጃችሁን በገመዱ ላይ አሳልፉ። ወጥ ሆኖ ለብ ያለ ገመድ ደህና ነው። አንድ ቦታ ብቻ የሚያቃጥል ካለ እዚያ ቆማችሁ ፈልጉ።

መቆንጠጫው ቀለምና ዝገት ላይ ተነክሶ «ማሽኑ ሰነፈ» ማለትም የየቀኑ ነው። ብረቱን በግራይንደር ንኩት፣ የሚያበራ ቦታ ላይ ንከሱ፣ ለምትበይዱበት ቦታ ይቅረብ።

ከማሽኑ ጋር በስጦታ የሚመጣው ገመድ ላይ ልብ በሉ። ላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጓት። ውስጧ ከነጣ አሉሚኒየም ናት። በእጅ ስታነሡትም ለውፍረቱ ይቀላል። ይሠራል፣ ግን ለዚያው አምፔር የበለጠ ወፍራም መሆን ነበረበት። መቆንጠጫውም ላይ ማግኔት ሞክሩ። ማግኔት ከያዘ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፣ ምላሱም ቶሎ ይግላል።

ቢጫ መብራት

ቢጫ መብራት በርቶ ብየዳው ከቆመ ማሽኑ ግሏል። አታጥፉት። ፋኑ እየዞረ ራሱን ያቀዝቅዝ። ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ከሆነ የአየር ማስገቢያው በግራይንደር ብናኝ ታፍኖ ይሆናል። ግራይንደርና ኢንቨርተር ጎን ለጎን አይቀመጡም። የብረት ብናኝ ወደ ውስጥ ገብቶ ቦርድ ላይ ካረፈ ያኔ እውነተኛ ሾርት ይመጣል።

ሌላም አለ። ሠሌዳው ላይ የተጻፈው የሥራ ጊዜ የሚታሰበው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ሳስቷል፣ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ መቶኛውን ቀነስ አድርጋችሁ ያዙ። ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ እዚህ አንድ አምስተኛው የለም ብላችሁ ቁጠሩ።

ኤሌክትሮዱ

ክረምት ላይ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ እሳቱ የሚተፋ፣ ቅርፊቱ የሚፈነዳ፣ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ የሚሆን ከሆነ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ጠጥቷል። ሁለቱን እርስ በርስ አጋጩ። የደረቀ ያቃጭላል፣ የረጠበ ድፍን ድምፅ አለው። 6013 የሚለው ቁጥር ያለበት ከሆነ መዳን ይችላል። በጣሳ አድርጋችሁ ከሰል ምድጃ አጠገብ፣ 100 ዲግሪ አካባቢ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት። 7018 ግን ከ300 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ምድጃ ይፈልጋል፣ በከሰል አትልፉ። ለመስኮትና ለግቢ በር ደግሞ 7018 አያስፈልጋችሁም። 6013 በሁለቱም ፖላሪቲ፣ ማለትም ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ላይ ሲሰካ፣ ይሠራል። ሳሳ ያለ ላሜራ ከበሳባችሁ ኤሌክትሮዱን ኔጋቲቭ ላይ አድርጉትና አምፔሩን ቀንሱ። 2.5ቱ ከ60 እስከ 90፣ 3.2ቱ ከ90 እስከ 130 ነው የሚፈልጉት። ከጣሪያ ቆርቆሮ ወይም ከጋልቫናይዝድ ቱቦ ላይ የሚወጣውን ነጭ ጭስ አትማጉ። ሽፋኑን ቀድማችሁ ሞርዱት፣ ነፋስ ባለበት ሁኑ። ወተት መጠጣት አያድንም።

አሮጌው ትራንስፎርመር

አውቶ ፓርኮና አዘዞ አካባቢ ከተዘጋ ጋራዥ የሚሸጡ ከባድ ማሽኖች አሉ፣ እያጉረመረሙ የሚሠሩት። እኔ እወዳቸዋለሁ። ሊበላሽ የሚችል ነገራቸው ጥቂት ነው። ከመሰካታችሁ በፊት ግን አንዲት ነገር እዩ። ብዙዎቹ 220 እና 380 የሚመረጥበት ማብሪያ ወይም በብሎን የምትዞር የናስ ቁራጭ አላቸው። 380 ላይ ሆኖ 220 ከሰካችሁት ያጉረመርማል እንጂ በወጉ አይለኩስም፣ እናንተም ሞቷል ትላላችሁ። 220 ላይ ሆኖ 380 ከሰካችሁት ጠመዝማዛው ይቃጠላል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ያሳዝናል። በ3.2 ሲሠሩ ከኢንቨርተር የበለጠ ስለሚጎትቱ በምጣድ መስመር አይሆኑም።

ሁሉም ደህና ሆኖ ካልሠራ

ሶኬቱ በጭነት 205፣ ገመዱ ደህና፣ ግን ማሽኑን ገና ስታበሩት ብሬከር ይወርዳል። አሁን ነገሩ ውስጥ ነው። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ በእያንዳንዱ ሙከራ ሌላ ዕቃ ይከተላል። ነቅላችሁ ብትከፍቱትም ካፓሲተሮቹ ላይ 310 ቮልት ሊቀር ይችላል። ከደቂቃዎች በኋላ እንኳ ሳትለኩ እጃችሁን አትስደዱ።

የሚጠግን ሰው ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ግን አንድ ሙከራ አለ። ባለ 100 ዋት የድሮውን ክር ያለው አምፖል በፌዙ መስመር ላይ በተከታታይ እሰሩ፣ ሞርሴቶ (የሽቦ ማገናኛ) ተጠቅማችሁ፣ ሁሉም ነገር ተሸፍኖ። ከዚያ ማሽኑን በአምፖሉ በኩል አብሩት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ወይም እየበራ እየጠፋ ከሄደ፣ ካፓሲተሮቹ እየሞሉ ነው፣ መግቢያው በሕይወት አለ። ሙሉ በሙሉ በርቶ ከቀረ ሬክቲፋየሩ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ወይም የኃይል ትራንዚስተሮቹ ሾርት ሆነዋል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

ጠጋኙ ትራንዚስተሮቹን ሊቀይር ከሆነ፣ የሚነዷቸውን ትንንሽ ሬዚስተሮችና ዳዮዶችም እንዲለካ ጠይቁት። እነሱ ተበላሽተው ትራንዚስተር ብቻ ከተቀየረ፣ አዲሱም ገና ሲበራ ይሄዳል። የዕቃው ዋጋ የማሽኑን ግማሽ ካለፈ እኔ አላስጠግንም፤ ገመዱን፣ መያዣውንና ፋኑን ፈትቼ አስቀራለሁ።